እስስቷን ክፍል ውስጥ አያስገቧት፦ ስለ ካሞፍላጅ ለአንድ መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ "ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ቀጣዩ ትምህርታችን እንስሳት ከአካባቢያቸው ጋር ተመሳስለው ከአዳኝ ስለሚያመልጡበት መንገድ፣ ማለትም ስለ ካሞፍላጅ ነው። እስስት ይዤ ገብቼ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ጨርቅ ላይ በየተራ አስቀምጬ ቀለሟን ስትቀይር ላሳያቸው አስቤያለሁ። ነገር ግን አንድ ተማሪዬ ሁለት ጥያቄ ጠይቆኝ መልስ አጣሁ። እንስሳው ቀለሙን የሚመርጠው ራሱን አይቶ ነው ወይ? ካሞፍላጅ ያን ያህል የሚሠራ ከሆነስ አዳኞች ለምን በረሃብ አያልቁም?"

ምላሽ፦

እስስቷን ይተዉአት። ቀይ ጨርቅ ላይ ብትቀመጥ ቀይ አትሆንም፤ ሰማያዊው ላይም ሰማያዊ አትሆንም። በእጅ ተይዛ፣ ክፍሉ ሙሉ ልጅ ከቧት ብዙውን ጊዜ የሚታይባት ነገር በጭንቀት መጥቆር ነው። ልጆቹ ያንን አይተው "ተመሳሰለች!" ካሉ ደግሞ የተሳሳተ ነገር ይዘው ወጡ ማለት ነው። ልጅ በዓይኑ ያየውን ነገር በኋላ በቃል ማስተካከል ከባድ ነው።

ስለ እስስት ያለን እምነት ቋንቋችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ቃሉ የማይጸናን ሰው "እስስት ነው" እንላለን። እውነተኛዋ እስስት ግን ቀለሟን በዋናነት የምትቀይረው ከመሰሎቿ ጋር ለመነጋገርና የሰውነቷን ሙቀት ለማስተካከል ነው። በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፓንተር የተባለውን የማዳጋስካር እስስት አጥንተው ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አሳይተዋል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቆዳው ውስጥ ብርሃን የሚያንጸባርቁ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። ወንዱ ተረጋግቶ ሲቀመጥ ክሪስታሎቹ ተጠጋግተው ይደረደሩና ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ። እሱ ከቆዳው ቢጫ ቀለም ጋር ሲደባለቅ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ተቀናቃኝ ሲያይ ወይም ሴት ስትመጣ ክሪስታሎቹ ይራራቃሉ፤ አረንጓዴውም ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ይሄዳል። ልብ ይበሉ፤ በዚያ ሰዓት እንስሳው "እዩኝ" እያለ ነው። መደበቅ ሐሳቡም አይደለም።

እስስት አትደበቅም ማለቴ ግን አይደለም። በደንብ ትደበቃለች። የሚደብቃት በእርጋታ ጊዜ ያላት አረንጓዴ ወይም ቡናማ መልክ፣ እንደ ቅጠል ከጎንና ከጎን ጠፍጣፋ የሆነው ገላዋ፣ ነፋስ እንደነካው ቅጠል ወዲያ ወዲህ እያለች መራመዷ፣ አንድ ነገር ሲቀርብባትም ቀስ ብላ ከቅርንጫፉ ጀርባ መዞሯ ነው። በደቡብ አፍሪካ የምትኖር አንዲት ትንሽዬ ዝርያ ደግሞ ለየት ትላለች። ወፍ ስትመጣባት ከተቀመጠችበት ቅርንጫፍ ጋር ይበልጥ ትመሳሰላለች። እባብ ሲመጣ ግን ያን ያህል አትለፋም፤ የእባቡ ዓይን ቀለም በመለየት ከወፍ ዓይን ያንሳልና። ይህችን ነገር ይያዙልኝ። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ እሷ ላይ የተንጠለጠለ ነው፦ ካሞፍላጅ የሚለካው በሚያየው ዓይን ነው።

ወደ ተማሪዎ የመጀመሪያ ጥያቄ ልምጣ። እንስሳው ራሱን አይቶ ቀለም ይመርጣል ወይ? በአብዛኛው አይመርጥም። ቀለሙን ይዞት ነው የሚወለደው። የሚመርጠው በዪው ነው። ወፏ ቶሎ ያየችውን ትለቅማለች፤ ያላየችው ይተርፋል፤ የተረፈው ይራባል፤ ልጆቹም መልኩን ይወርሳሉ። ይህ በብዙ ትውልድ ሲደጋገም ቅርፊት የሚመስል ክንፍ ይወጣል። እንዲያው ካሰብነው ያንን ክንፍ የሣለችው ወፏ ራሷ ናት።

ጥሩው ማስረጃ በእንግሊዝ የምትኖር አንዲት የእሳት እራት ናት። የድሮ መልኳ ነጭ ሆኖ ጥቁር ነቁጥ ነበረበት፤ ሊከን (ቅርፊት ላይ እንደ ሽፋን የሚበቅል ነጣ ያለ ነገር) በወረሰው ቅርፊት ላይ ስታርፍ አትለይም። በ1848 ማንችስተር ውስጥ አንዲት ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነች ተገኘች። ጊዜው የፋብሪካ ጭስ ዛፉን ሁሉ ያጠቆረበት ነበር። በ1895 በዚያው አካባቢ ከመቶው 98ቱ ጥቁር ሆነው ነበር። ከ1956ቱ የአየር ብክለት ሕግ በኋላ ጭሱ ሲቀንስ ነገሩ ተገለበጠ፤ ጥቁሮቹ እየጠፉ ነጮቹ ተመለሱ። በ1950ዎቹ የተደረጉት የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ብዙ ትችት ስለገጠማቸው "ውሸት ነው" የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይናፈሳል። ወሬው ትክክል አይደለም። ማይክል ማጄረስ የተባለ የካምብሪጅ ተመራማሪ ትችቶቹን በቁም ነገር ወስዶ በ2001 እንደገና ጀመረ። በስድስት ዓመት ሙከራ 4,864 የእሳት እራቶችን በተፈጥሮ በሚያርፉበት ቦታ ለቅቆ ተከታተለ። አየሩ በጠራበት ዘመን በወፎች ይበልጥ የተበሉት ጥቁሮቹ ነበሩ። ማጄረስ በ2009 ሞተ፤ ውጤቱን ባልደረቦቹ በ2012 አሳተሙለት። ይህን ታሪክ ለልጆቹ ይንገሯቸው። ሳይንቲስት ሲተች ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያሳይ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። "የእሳት እራቷ ከጭሱ ለመሸሽ ጠቆረች" ብለው አያስተምሩ። የትኛዋም የእሳት እራት አልጠቆረችም። በዘረመል ድንገተኛ ለውጥ ጥቁር ሆነው የተወለዱት ናቸው በዝተው የተገኙት። በ2016 የታተመ ጥናት ለውጡ ያለበትን ትክክለኛ ቦታ ሳይቀር አግኝቶታል፤ አንድ ተንቀሳቃሽ የዘረመል ቁራጭ መጥቶ የተሰካበት ቦታ ነው።

ቀለሙን አይመርጥም እንጂ ቦታውን ግን የሚመርጥ እንስሳ አለ። ይህ ለኔ ከሁሉም የሚደንቅ ነው። ቀኑን መሬት ላይ ተኝተው የሚውሉ፣ ማታ ማታ በራሪ ነፍሳት የሚያድኑ ወፎች አሉ። ጎጆ አይሠሩም፤ እንቁላላቸውን ባዶ መሬት ላይ ይጥላሉ። አንዴ ከባልደረባዬ ጋር ደረቅ ቅጠል የተነጠፈበት መሬት ላይ ስንሄድ እጁን ደረቴ ላይ አድርጎ አስቆመኝ። "እግርህ ስር" አለኝ። አየሁ፤ ቅጠል ነው። ደግሜ አየሁ፤ አሁንም ቅጠል ነው። ወፏ ከጫማዬ ሁለት ስንዝር ላይ ነበረች። በመጨረሻ ያገኘኋት በላባዋ አይደለም። ዓይኗን ከድና በቀጭን ስንጥቅ ታየኝ ነበር፤ እዚያች ስንጥቅ ላይ አንድ የብርሃን ነጥብ አበራች። ያችን ነጥብ ከያዝኩ በኋላ ምንቃሯ ወጣ፣ ከዚያ ጀርባዋ፣ ከዚያ ጅራቷ። ቀና ብዬ ባልደረባዬን አይቼ ስመለስ እንደገና ጠፋችብኝ።

ዛምቢያ ውስጥ እነዚህን ወፎች ያጠኑ ሰዎች አንድ ነገር አግኝተዋል። እያንዳንዷ ወፍ ከዝርያዋ ሌሎች ወፎች ይልቅ ለራሷ ላባ የሚስማማ ቦታ መርጣ ትተኛለች። እንዴት እንደምታውቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ሌላም ነገር አለ። ራሷ የተመሳሰለች ወፍ አዳኝ እስኪጠጋት ድረስ ንቅንቅ አትልም። ሌሎች መሬት ላይ የሚጥሉ፣ እንቁላላቸው ከገላቸው ይበልጥ የተመሳሰለ ወፎች ግን አዳኙ ገና ከሩቅ ሲታይ ተነሥተው ይሄዳሉ፤ እንቁላሉን ለራሱ መልክ አደራ ብለው። ስለዚህ መልክ ያለ ጠባይ ብቻውን አይሠራም። ይህ ለክፍልዎ ትልቅ ነጥብ ነው።

ቀለማቸውን በርግጥ ከአካባቢያቸው ጋር በፍጥነት የሚያስማሙ እንስሳትም አሉ፤ አብዛኞቹ ባሕር ውስጥ ናቸው። ኦክቶፐስና ዘመዷ ካትልፊሽ ቆዳቸው ላይ በጡንቻ የሚከፈቱና የሚዘጉ ጥቃቅን የቀለም ከረጢቶች አሏቸው። ጡንቻዎቹን በቀጥታ የሚያዛቸው አንጎል ስለሆነ ለውጡ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ካትልፊሽን እንደ ዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጭ በሆነ ወለል ላይ ሲያስቀምጧት፣ የካሬዎቹ መጠን ከገላዋ ጋር ከተመጣጠነ፣ ጀርባዋ ላይ ነጭ ካሬ ታወጣለች። ደግሞ የሚገርመው የካትልፊሽ ዓይን ብርሃን የሚቀበልበት የህዋስ ዓይነት አንድ ብቻ ነው። እኛ ቀለም እንደምናይ አታይም ማለት ነው። የማታየውን ቀለም ትመስላለች። ተመራማሪዎች እስከ አሁን የሚከራከሩበት እንቆቅልሽ ነው።

ካሞፍላጅ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ ነው። ይህ አንዱ መንገድ ብቻ ነው፤ ብዙውን ጊዜም አይበቃም። ቀለሙ ፍጹም የተስማማ አባጨጓሬ እንኳ ሁለት ነገር ያሳብቅበታል፤ ጥላውና ጠርዙ። ጥላውን እንውሰድ። ብርሃን ከላይ ስለሚመጣ ሆድ ሁልጊዜ ይጠቁራል፤ ያ ጥቁረት "እዚህ ድቡልቡል ነገር አለ" ብሎ ይናገራል። ለዚህ ነው ዓሣው፣ ሚዳቋው፣ ጥንቸሉ ጀርባው ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ የሚለው። ይህን በ1896 በዝርዝር ያስረዳው አቦት ታየር የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ ነበር። ሠዓሊ ስለሆነ ነው የገባው፤ ጠፍጣፋ ሸራ ላይ ድቡልቡል ነገር የሚሠራው በጥላ መሆኑን ያውቃል። ተገልብጣ በጀርባዋ የምትዋኝ የኮንጎ ዓሣም አለች፤ እሷ ሆዷ ነው ጠቆር የሚለው። ታየር ግን በኋላ መንገድ ሳተ። ሁሉንም ቀለም ካሞፍላጅ ነው ማለት ጀመረ፤ ፍላሚንጎ ሮዝ የሆነው ጀምበር ስትጠልቅ ሰማዩን እንዲመስል ነው እስከማለት ደረሰ። ፍላሚንጎ ሮዝ የሚሆነው ከሚበላው ነው። ከዚህ ስህተት ዛሬም አልዳንም፤ ደማቅ እንስሳ ባየን ቁጥር የሚደበቅበትን ቦታ እንፈልግለታለን። ብዙ ደማቅ እንስሳት መርዛማ ናቸው፤ ቀለማቸውም "አትንኩኝ" የሚል ማስጠንቀቂያ ነው።

ጠርዙ ግን ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ለክፍልዎ የምመክርዎ ሙከራም እሱ ላይ ነው። ዓይን አንድን ነገር ከጀርባው የሚለየው በዙሪያው መስመር ነው። መስመሩ ከተቆራረጠ ነገሩ ራሱ ይጠፋል። የነብር ነጥብ፣ የብዙ እባቦች ዥንጉርጉር ጀርባ፣ የእሳት እራት ክንፍ ላይ እስከ ጫፍ የሚደርሰው ጠቃጠቆ ይህን ይሠራል። በ2005 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ሙከራ ነገሩን በቀላሉ አረጋገጠ። ተመራማሪዎቹ ከወረቀት ሦስት ማዕዘን ቆረጡ፤ ክንፍ መሆኑ ነው። ሥሩ የሞተ ትል አደረጉበት፤ ገላ መሆኑ ነው። ከዚያ ኦክ ዛፎች ላይ ሰኩት። ጠቃጠቆው ጠርዙን የሚቆርጠው ወረቀት፣ ያንኑ ቀለም ይዞ ጠቃጠቆው መሃል ላይ ብቻ ካለው ይልቅ ከወፎች ተረፈ። ቀለሙ ያው ነው። ልዩነቱ ጠርዙ ላይ ብቻ ነበር።

ታይቶ እንኳ መትረፍ ይቻላል። ጭራሮ የሚመስል አባጨጓሬ ዓይን ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ወፏ ግን "ጭራሮ ነው" ብላ ታልፈዋለች። በ2010 በጫጩቶች ላይ የተደረገ ሙከራ ይህን ለየ። ቀድመው እውነተኛ ጭራሮ የሚያውቁ ጫጩቶች አባጨጓሬውን ለመንካት ዘገዩ። ጭራሮ አይተው የማያውቁት ግን ቶሎ ነቆሩት። ሁለቱም አይተውታል፤ የተለያየው ምን መሰላቸው የሚለው ነው።

ታይገርም ይጠየቃል፤ በአረንጓዴ ጫካ ውስጥ ብርቱካናማ ሆኖ እንዴት ያድናል? ለእኛ ብርቱካናማ ነው። አጋዘንና የመሳሰሉት ታዳኞቹ ቀይን ከአረንጓዴ የሚለይ ዓይን የላቸውም፤ ለእነሱ ታይገሩ ከቅጠሉ ጋር አንድ ነው። አጥቢ እንስሳት አረንጓዴ ፀጉር ማብቀል ስለማይችሉ ብርቱካናማው ያንን ሥራ ይሠራለታል። በተቃራኒው ደግሞ የሜዳ አህያ መስመር ለአንበሳ መደበቂያ ነው የሚለው አባባል ብዙም አይቆምም። በ2016 በወጣ ጥናት ስሌት መሠረት፣ አንበሳ በቀን ከ50 ሜትር በላይ፣ በምሽት ድንግዝግዝ ደግሞ ከ30 ሜትር በላይ ርቆ መስመሮቹን መለየት ይቸግረዋል፤ ከዚያ በቀረበበት ደግሞ በጠረንና በድምፅም ሊያገኘው ይችላል። የተሻለ ማስረጃ ያለው ዝንብን ይከላከላል የሚለው ነው። በ2019 ፈረሶችን ባለ መስመር ልብስ አልብሰው ሲያዩ ተናካሽ ዝንቦች ዙሪያቸውን ቢያንዣብቡም የሚያርፉባቸው ጥቂት ነበሩ።

አዳኝ ሁሉ በዓይን አያድንም፤ ይህንንም አይርሱት። ፓፍ አደር የተባለችው የአፍሪካ እፉኝት ለሳምንታት አንድ ቦታ ተጋድማ ታደባለች። በ2015 በታተመ ሙከራ የሠለጠኑ ውሾች ጠረኗን መለየት አልቻሉም። የጣለችውን ቆዳ ሲያሸቷቸው ግን ወዲያው ለዩት። በአፍንጫ ለሚፈልጋት ያላት ካሞፍላጅ ጠረን አልባነቷ ነው።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄ። አዳኞች ለምን አይራቡም? ምክንያቱም ካሞፍላጅ የሚገዛው ጊዜ ነው፤ ሙሉ ደህንነት አይደለም። አንድ ወፍ እንዳያይህ አንድ ደቂቃ ካዘገየሃት፣ በዚያች ደቂቃ ሌላ ቦታ ልትሄድ ትችላለች። ይኸው ነው ትርፉ። እንስሳው ደግሞ መብላት፣ መጠጣት፣ መራባት አለበት፤ ለዚህ ሁሉ መንቀሳቀስ ግድ ነው። በተንቀሳቀሰ ቅጽበት ምንም ያህል ቢመሳሰል ይታያል። ዓይን እንቅስቃሴን ለመያዝ የተሠራ ነው።

አዳኙም ይማራል። በተደጋጋሚ አንድ ዓይነት ምርኮ ያገኘች ወፍ ያንን መልክ በአእምሮዋ ይዛ መፈለግ ትጀምራለች፤ እኛ የወደቀ መርፌ አንዴ ካገኘን ሁለተኛው እንደሚቀለን ነው። በ2002 የታተመ አንድ ሙከራ ብሉ ጄይ የተባሉ ወፎችን ኮምፒውተር ስክሪን ፊት አስቀመጠ። ስክሪኑ ላይ የእሳት እራት ሥዕሎች ይታያሉ። ወፎቹ ነቁረው ያገኟቸው ይጠፋሉ፤ የተረፉት "ይራባሉ"። ከ100 ትውልድ በኋላ ሥዕሎቹ ለማየት ይበልጥ አስቸጋሪ ብቻ አልሆኑም፤ እርስ በርሳቸውም በጣም ተለያዩ። የአንዱን መልክ መሸምደድ ሌላውን ለማግኘት አልጠቀመም።

አካባቢ ሲለወጥ ደግሞ ትናንት የደበቀ ቀለም ዛሬ ያጋልጣል። በሰሜን አሜሪካ የበረዶው ወቅት ሲመጣ ከቡናማ ወደ ነጭ የምትለወጥ ጥንቸል አለች። ለውጡን የሚያስነሣው የቀን ርዝመት ነው። በረዶው ዘግይቶ ሲጥል ወይም ቀድሞ ሲቀልጥ ቡናማ መሬት ላይ ነጭ ሆና ትገኛለች፤ ያልተመሳሰሉት ይበልጥ እንደሚሞቱ በራዲዮ አንገትጌ ተከታትለው አረጋግጠዋል። በረዶ እምብዛም በማይቆይበት የፓስፊክ ዳርቻ ግን ከዓመት ዓመት ቡናማ የሚሆኑ አሉ። ይህ ዘረመል ከሌላ የጥንቸል ዝርያ ጋር ተዳቅለው ያገኙት መሆኑ በ2018 ታውቋል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። እስስቷን ትተው የወረቀቱን የእሳት እራት ሙከራ ያሠሯቸው። ሌላ አማራጭ አያስፈልግዎትም። የዛፎቹን ቅርፊት ጥላ ውስጥ ሆነው ፎቶ ያንሡ፤ ከእሱ ሁለት ቀለም ይውሰዱ፤ አንድ ነጣ፣ አንድ ጠቆር ያለ። ሦስት ዓይነት ሦስት ማዕዘን ያዘጋጁ፦ ጠቃጠቆው ጠርዙን የሚቆርጥ፣ ያው ጠቃጠቆ መሃል ላይ ብቻ የቀረ፣ ጠቃጠቆ የሌለው አንድ ወጥ። መጠናቸው አንድ ይሁን። ከእያንዳንዱ ቢያንስ 20 ይሥሩ፤ ከዚያ ካነሰ ውጤቱ የዕድል ጉዳይ ይሆናል። በአንድ ዛፍ ላይ አንድ ብቻ በመርፌ ይሰኩ፤ የትኛው የት እንደሚሄድ በዕጣ ይወሰን። ልጆቹ ደስ ያላቸው ቦታ ከሰኩት ሙከራው ተበላሸ።

መጀመሪያ የልጆቹን ዓይን ይፈትኑ። ያልሰኩት ቡድን ከሩቅ እየተጠጋ እያንዳንዱን ከስንት እርምጃ እንዳየው ይመዝግብ። ከዚያ ሥሩ የአባጨጓሬ ያህል ሊጥ አድርገው ለወፎች ይተዉት፤ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ ይቁጠሩ። ሊጡ ውስጥ ጨው አይግባ፤ ወፎችን ይጎዳል። ጉንዳን የበላው ፍርፋሪ ይተዋል፤ ወፍ ግን ብዙ ጊዜ አንዴ ነቅላ ትወስዳለች ወይም የምንቃር ምልክት ትታ ትሄዳለች፤ ሁለቱን ለየብቻ ይጻፉ። መድኃኒት የተረጨ ዛፍ ላይ አይሞክሩ። መርፌዎቹን ሲሰኩ ይቁጠሩ፤ ሲነቅሉም ቁጥሩ እኩል መሆኑን ሳያዩ አይሂዱ።

የልጆቹና የወፎቹ ውጤት ላይገጥም ይችላል። ብዙ ወፎች እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ያያሉ፤ ለእኛ ከቅርፊቱ ጋር አንድ የሆነ ወረቀት ለእነሱ ሊያበራ ይችላል። ያኔ ቁጥሩን አያስተካክሉት። ሁለቱንም ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፉና ያንን ጥያቄ የጠየቀውን ልጅ ያስነሡት።